ሸጊቱ ያልታመመችው ሕመም

ስለ በቅሎዬ ጤና ያልጠየቀኝ የደባርቅ ሰው የለም። ገበያ ስወጣ ይጠይቁኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ይጠይቁኛል። ባለፈው ዳባት ለለቅሶ ሄጄ እንኳ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ «በቅሎዋ ተሻላት ወይ?» አለኝና አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለቅሶ ቤት የምታስቅ በቅሎ ያለችው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እናንተ ገና አልሰማችሁ ከሆነ፣ ከሌላ ሰው ተጨማምሮበት ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ።

በቅሎዬ ሸጊቱ ትባላለች። ሥራችን ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ጓዙን ጭኖ መከተል ነው። በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ፦ ከባድ ሳጥን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያነሣዋል እንጂ አንድ ሰው ለብቻው አይሞክረውም። ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢ የማስተምረው እኔ ነኝ። የጣስኩትም እኔው ነኝ። ሳንቃ በር በሚባለው የተራራ ማረፊያ የወጥ ቤቱን ሳጥን፣ ድስቱና ምድጃው የታጨቀበትን ማለቴ ነው፣ ከባልደረባዬ ጋር ልናነሣ ስናጎነብስ አንዲት ፈረንጅ ካሜራዋን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ደግሞ ካሜራ ሲያዩ ከሚጃጃሉት ወገን ነኝ። ባልደረባዬን ዞር በል አልኩትና ሳጥኑን ብቻዬን ብድግ አደረግኩት። ፎቶው ላይ ሳያምርብኝ አይቀርም። ብቻ ሳጥኑ ሸጊቱ ጀርባ ላይ ሲያርፍ በግራ ብሽሽቴ በኩል አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ።

ከድንጋይ ኋላ ዞር ብዬ ብዳብሰው ባቄላ የምታህል እብጠት ናት። ጋደም ስል ጠፋች፤ ስነሣ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላት የዶሮ እንቁላል አከለች፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ቆለጤ፣ መውረድ ጀመረች። አታምም። ስቆም ትወጣለች፣ ስተኛ ትገባለች፤ ሳስልና ሳስነጥስ ደግሞ ማን ጠራኝ ብላ ብቅ ትላለች። ቡአ የሚባል በሽታ እንዳለ ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም፤ ግን ቡአ የሽማግሌ ነው ብዬ ነበር፣ እኔ ደግሞ ገና አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሐኪም ቤት ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ሆስፒታሉ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። ችግሩ እኔ ሕክምና የማውቀው ከፈንታ ነው። ፈንታ የከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም ሲሉት አይጠላም። ወይፈን ሊያኮላሽ ሲመጣ ቀንድ ይዤ የምረዳው እኔ ነኝ። ያንን ትልቅ የብረት ጉጠቱን ይዞ ጎንበስ ሲል ወይፈኑ የሚያወጣውን ድምፅ ከሰው ሁሉ ቀርቤ የሰማሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ በዕድሜዬ ሙሉ ከወገቡ በታች ሐኪም የነካው ወንድ ፍጥረት እንደ ገባ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ዝም ብሎ፣ ጠባዩ አምሮ፣ ውሎ አድሮም ወፍሮ ነው የሚገኘው። እኔ መወፈር አልፈለግኩም።

ለሰው ማማከርም አልሆነልኝም። ጥርሴን አመመኝ ይባላል፤ ወገቤን፣ ጨጓራዬን ይባላል፤ እንዲያውም ጨጓራዬን ሲሉ ሰው ደስ ብሎት ያዳምጣል፣ የራሱንም ያጫውታል። ይህንን ግን ለማን ብዬ፣ ከየት ጀምሬ? ስለዚህ በራሴ ጥበብ ልታከም ወሰንኩ። የሸጊቱን የጭነት ጠፍር ፈትቼ፣ በልብሴ ውስጥ ወገቤንና ብሽሽቴን ጠምጥሜ፣ ትንፋሼ እስኪያጥር ታጠቅኩት። እብጠቷ ተደብቃ ዋለች። ጠፍር ያጣችው ሸጊቱ ግን ጭነቷ በገመድ ብቻ ታስሮ የአንድ እንግዳ ሻንጣ ገደል ሊገባ ለጥቂት ተረፈ።

ጠፍሩን ስተኛም አልፈታውም ነበር። ጾሙ ከተፈታ ቆይቷል፤ እኔ ግን ጋቢዬን ተከናንቤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ባለቤቴ ባንቺ መጀመሪያ ዝም አለች። አንድ ቀን ግን ሸሚዜን ልታጥብ ስትቀበለኝ ቆዳውን ወገቤ ላይ አየችው። በእኛ አገር ወገቡን በቆዳ የሚታጠቅ ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። መነኩሴ ነው።

«ልትመንን ነው?» አለችኝ። «ሦስት ልጅ በትነህ?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን አይደለም ካልኩ፣ ታዲያ ምንድን ነው ማለቷ አይቀርም። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ማን ያውቃል አልኳት። ለዚህች መልሴ እስከ ዛሬ ንስሐ ላይ ነኝ። ባንቺ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ካለቀሰች ደግሞ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ከጠየቀ አገር ይሰማል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንዲት ባልቴት እጄን ይዘው በጸሎትህ አስበኝ አሉኝ። የጨነቀኝን ባወቁልኝ።

መናኝ ከተባልኩ ዘንድ ጸበል ብወርድ ማንም አይጠረጥረኝም ብዬ ደግሞ ጸበል ወረድኩ። የእኛ አገር ጸበል በጠዋት በረዶ ነው። ሰው ልብሱን አውልቆ ይገባል፤ እኔ ግን የሚደበቅ ነገር ስላለኝ ከነሱሪዬ ከነጠፍሬ ገባሁ። ጸበሉን አላማም፤ ጥፋቱ የእርጥቡ ሱሪ ነው። በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ጣለኝ። ጉንፋኑ ሳል አመጣ፤ ሳሉ ያቺን እንቁላል ጡጫ አሳክሎ አረፈው። አሁን ዳገት መውጣት ቀርቶ ደጃፌን መሻገርም ጭንቅ ሆነብኝ።

ተራዬ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። እንግዳ ሳስቶ ስለ ከረመ አንድ ባለበቅሎ ተራውን ለሳምንታት ነው የሚጠብቀው፤ አንዴ ካለፈው ወደ ጭራ ይመለሳል። የማኅበራችን ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ከታመመ ምን እንደታመመ በስብሰባው ፊት ተናግሮ ተተኪ ይሰጣል። በቅሎዋ ከታመመች ግን ብዙ ሳይጠየቅ ተራው ይጠበቅለታል። ሊቀ መንበራችን አያ ሞላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም የመጨረሻዋን ሸጠው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያለ በቅሎ የበቅሎ ማኅበር ይመራሉ። ጉልበታቸው ይድከም እንጂ ድምፃቸው አልደከመም፤ ደባርቅ ላይ ሲጣሩ ሳንቃ በር ያለ ሰው አቤት ይላል።

ስብሰባው ላይ ቆመው ምን ሆነህ ነው የማትወጣው አሉኝ፣ በሃያ ሰው ፊት። ሃያዎቹም ዞረው አዩኝ።

«እኔስ ደኅና ነኝ» አልኩ። «ሸጊቱ ናት የታመመች።»

ቅጠል የምታህል ውሸት ነበረች። አያ ሞላ ግን ደንብ አዋቂ ናቸው፤ የታመመች በቅሎ በባለሙያ መታየት አለባት ብለው ወደ ፈንታ ላኩኝ። ፈንታ ወረቀቱን አውጥቶ ምኗን ነው አለኝ። ብሽሽቷ ላይ እብጠት አለ አልኩት። ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። በጀርባዋ ስትተኛ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። በቅሎ ጀርባዋን የምታነጥፈው አቧራ ላይ ስትንከባለል ብቻ መሆኑን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ከዚያ ስታስል ይብሳል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ምላሴን ምን እንደነዳው እንጃ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥም ይብሳል አልኩ።

ፈንታ ብዕሩን አቁሞ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በቅሎዬን ከመውደዴ የተነሣ የተምታታብኝ መሰለው መሰለኝ። «ሽንት ቤቱን አልጽፈውም» አለኝ በርኅራኄ። የጻፈው ሳልና እብጠት የሚለውን ነው። ሳልና እብጠት አንድ ላይ ከመጣ ደግሞ ለካ በበቅሎ ላይ ክፉ ነው፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይጋባል። በዚያው ዕለት ከሸጊቱ ጎን ታስረው የዋሉ አሥራ አንድ በቅሎዎች እስኪመረመሩ ድረስ ከተራ ታገዱ። እንግዶቹ ግን አልታገዱም፤ የሚጭንላቸው አጥተው ቆሙ። አሥራ አንድ ባለበቅሎ በአንድ ቀን ጠላት አፈራሁ ማለት ነው፣ ሊመንን ነው በተባልኩበት ወር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈንታን ከፊት አስቀድመው፣ አያ ሞላን መሐል አድርገው፣ አሥራ አንዱም ግቢዬ ገቡ። ሸጊቱ ገለባዋን እያላመጠች ተቀበለቻቸው። ፈንታ ዐይኗን ገልጦ አየ። ጥርሷን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ብሽሽቷን ግራና ቀኝ ዳበሰ፤ ጭራዋን አነሣ። ቀና ሲል ይህቺ በቅሎ ከእኔም ከአንተም ትሻላለች አለ። አያ ሞላ ግን ሳል የተባለውስ አሉ። እስቲ ስታስል እንስማት ተባለ። እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ሙሉ ሰው ግቢ መሐል ቆመን፣ እስትንፋሳችንን ውጠን፣ በቅሎ እስክታስል ጠበቅን። ሸጊቱም እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው በሚል ዐይን ታየን ጀመር።

ያሳልኩት እኔ ነኝ። አምቄ አምቄ ይዤው ነበር፤ ሲወጣ ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ ወጣ። ያን ጊዜ ብሽሽቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተተርትሮ ወረደና እዚያው ድርቅ ብሎ ቀረ። ሕመም አያውቅም ያልኩት እብጠት አሁን ዐይኔን አጨለመው። ተንበረከክሁ። በግራ እጄ ብሽሽቴን እንደያዝኩ ቁርሴን በሙሉ የአያ ሞላ እግር ሥር መለስኩት።

ፈንታ እኔን አየ፣ ሸጊቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

«ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል ያልከኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ዛሬ አልገባም አለኝ» አልኩት።

የፈንታ ፊት ተለወጠ። «በጥጃ ላይ አይቼዋለሁ፣ አንጀት ወርዶ ከተቆለፈ ፋታ አይሰጥም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለ። እኔን በዚያ ጣር ላይ ያሳሰበኝ ምን ይመስላችኋል? ጉጠቱን ይዞ መምጣት አለመምጣቱ ነው። አልያዘም ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ባጃጅ በሰውና በእህል መሐል አይንቀሳቀስም። ቃሬዛ መጣ። የተሸከሙኝ ተራቸውን ያሳጣኋቸው እነዚያው ባለበቅሎዎች ናቸው፤ አራት አራት እየሆኑ ይቀያየራሉ። ከበግ ተራው ጀምሮ ሰው ሁሉ ማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው ይላል። መጀመሪያ አካባቢ የታመመ ሰው ነው እያሉ ያልፉ ነበር። እህል ተራው ጋ ስንደርስ ግን አንዲት ሴት ይሄ የሚመንነው ሰውዬ አይደለም እንዴ ስትል አንዱ ተሸካሚ አልቻለም፤ የሆነውን ከሸጊቱ ሳል ጀምሮ ዘረገፈው። ከዚያ ወዲያ በየደረስንበት እየተቀባበሉ ተናገሩት። ምሥጢሬ ከእኔ ቀድሞ ሆስፒታል ደረሰ።

ባንቺ ቃሬዛውን ይዛ በጎን ትሮጣለች። ሸሚዜ ገለጥ ሲል ጠፍሩን አየችውና ነገሩ ገባት።

«ጠፍሩ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሞተህ ብቻ እንዳላይህ» አለችኝ፤ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። እጄን ግን አለቀቀችውም። ያን ጊዜ ነው እኔም የምር የፈራሁት፤ ወንድነቴን ሳይሆን እሷንና ልጆቹን ማጣቱን።

ካርድ ክፍል ያለው ጸሐፊ ታማሚው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ከልማድ የተነሣ በቅሎዬ ብዬ ስጀምር ባንቺ አፌን በእጇ ከደነችውና እሱ ነው አለች።

የተቀበለችኝ ሐኪም ከታናሽ እህቴ የምታንስ ልጅ ናት። ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ አለችኝ። ሱሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ወንድ ሐኪም የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለ፣ እርስዎን ለመቅደድ እየተዘጋጀ ነው አለችኝ። ሱሪዬን ለቀቅሁት። እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንደ ደረቀ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰኝ ጠየቀችኝና በመጨረሻ ፈስ ወጥቶልኝ እንደሆነ ጠየቀች። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ስኖር በባንቺ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። ባንቺ ከጠዋት ጀምሮ አልሰማሁም ብላ መሰከረችልኝ።

«ቡአ ነው» አለች ሐኪሟ። «አንጀትዎ በሆድዎ ግድግዳ ቀዳዳ ወርዶ ተቆልፏል። ደም ካላገኘ ይሞታል፤ እርስዎንም ይዞ ይሄዳል።»

«ታኮላሹኛላችሁ?»

ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባት የወይፈኖቹንና የፈንታን ጉጠት ነገር ነገርኳት። አጠገቧ የቆመው ነርስ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ፤ መስኮቱ ዝግ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ይህን ውለታዋን አልረሳውም። ቀዳዳውን በመርፌና በክር እንዘጋዋለን እንጂ ከእርስዎ የምንወስደው ነገር የለም አለችኝ። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ በቀጠሮ፣ በእግርዎ መጥተው የሚሠራ ቀላል ሥራ ነበር። ይበልጥ ቢዘገዩ ግን አንጀትዎንም፣ የሚሳሱለትንም ነገር ማዳን ይቸግረን ነበር አለችኝ።

ከኦፕራሲዮኑ ወጥቼ ነፍሴን ሳውቅ መጀመሪያ እጄን የላክሁት ወደ ታች ነው። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ይኸኛው ምስጋናዬ ከመናኝነቴ ወራት ሁሉ የጠለቀ ነበር።

የምወጣ ዕለት ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆማ መከረችኝ። ከባድ ነገር እንዳላነሣ አለች፣ ካሜራ ቢኖርም። ቀጥላም ለሌላ ጊዜ ብላ ነገረችኝ። እብጠት ቢያምም ባያምም ይታያል፤ በተለይ ቆለጥ ላይ ጠጠር የሚል ነገር ከተገኘ ነገ አይባልም። አንዱ ቆለጥ በድንገት አጥብቆ ካመመ ሰዓት አይጠበቅም፣ በልጅ እግር ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቁስል፣ ፈሳሽ፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ይህ ሁሉ መድኃኒት አለው። ሽንት ውስጥ ደም የታየ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜም ይሁን፣ ባያምም እንኳ፣ መምጣት ነው። አለማመሙ አያታልላችሁ አለች። ይህን ስትናገር ክፍሉ ውስጥ የተኙት ወንዶች ሁሉ ማቃሰታቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። አንዱ እንዲያውም እስቲ የመጨረሻውን ድገሚው አላት።

ቤቴ ገብቼ ስተኛ ጠያቂ ጎረፈ። ከአሥራ አንዱ ባለበቅሎዎች መጀመሪያ የመጣው እንደ ወጉ እግዜር ይማርህ ካለ በኋላ ባንቺ ዞር እስክትል ጠበቀና የእኔም በቅሎ ስትሸና ያቃጥላታል አለኝ፤ ዐይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ሁለተኛው በቅሎው አንድ ቁስል ወጥቶባታል። ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ ሸጋ ልጅ አለች፣ ጉጠት የላትም እያልኩ ሸኘኋቸው። ከሳቅ ብዛት ስፌቴ ሊበጠስ ነበር።

በመጨረሻ አያ ሞላ መጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ገብሱ አወሩ። ተራህ ተጠብቆልሃል፣ በቅሎህ ታማ ነበርና ደንቡ ይፈቅዳል አሉኝ ፈገግ ሳይሉ። ባንቺ ወጣች። ዱላቸውን እያሽከረከሩ ቆዩና «የእኔም በቅሎ» አሉ።

ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አያ ሞላ በቅሎ እንደሌላቸው ትዝ አለኝ።

«ምን ሆነችብዎ?»

«ሽንቷ ደም ይቀላቅላል።»

«ያማታል?»

«አያማትም። ለዚያ ነው ዝም ያልኳት።» ሳንቃ በር የሚሰማው ድምፃቸው እዚህ ከአልጋዬ አጠገብ ሆነው እንኳ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማኝም። «ከጥምቀት በፊት ነው የጀመራት።»

እኛ ደግሞ ፋሲካን በልተን ከርመናል። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። የሐኪሟ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፣ ባያምም እንኳ ያለችው። እኚህ ሰው ናቸው ጭነት ማሰር ያስተማሩኝ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ የሚለውን ሕግ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው።

«አያ ሞላ፣ ነገ ጠዋት ይዘናት እንሄዳለን» አልኳቸው። «እኔ አብሬዎት እገባለሁ።»

«እንደ ወይፈኖቹ እንዳያደርጓት ብቻ» አሉኝ። አያደርጓትም፣ እኔን ያዩኝ የለም ወይ አልኳቸው። አዩኝ። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት ተያይዘን ወጣን። እኔ ስለ ስፌቴ፣ እሳቸው ስለ ፍርሃታቸው፣ እኩል ቀስ እያልን ነው የምንሄደው። ካርድ ክፍሉ ጋ ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል፤ ግማሹ የሚያውቀን ሰው ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ እኔን ሲያይ አወቀኝ፤ ከንፈሩን ነክሶ ከኋላዬ ተመለከተ፣ በቅሎ ፍለጋ።

«ዛሬስ ታማሚው ማን ነው?» አለ።

መልሱን አዘጋጅቼላቸው ነበር። ዘመዴ ናቸው፣ ለምርመራ ያህል ነው ልል አፌን ከፈትሁ። አያ ሞላ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ቆባቸውን አወለቁና፣ በዚያ ስብሰባ በሚመሩበት ድምፃቸው፣ «እኔ ነኝ» አሉ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ሰማቸው፤ ከመካከላቸው የሳቀ አልነበረም።